በብሊች የተቃጠለ ፀጉሬ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «ፀጉሬ ጥቁር ነው። ለዓመታት ፀጉር የሚያቀናውን ሪላክሰር ስቀባው ኖሬያለሁ። ከሁለት ወር በፊት ወርቃማ እንዲሆንልኝ ብሊች አስደረግሁ። ብርቱካናማ ሆኖ ስለቀረ በሦስተኛው ሳምንት ተደገመ። አሁን እርጥብ ሲሆን እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ጭድ ይሆናል። ባበጠርኩት ቁጥር ቁርጥራጭ ይረግፋል። እንቁላል፣ ዘይትና የፕሮቲን ትሪትመንት እያፈራረቅሁ እቀባለሁ። ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚንም እየዋጥኩ ነው። አንዷ ፀጉር ሰሪ ‹ኬራቲን ላድርግልሽ፣ ይመለሳል› አለችኝ። ሌላው ‹አንዴ ብሊች ደግመን ቀለሙን እናስተካክለው› አለኝ። ማንን ልስማ? ፀጉሬ ትከሻዬን ያልፋል፤ መቆረጥ አልፈልግም። ጥሩ ፀጉር ሰሪስ እንዴት ይገኛል?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም እንዳትሰሚ። አንዷ ያቀረበችልሽ ኬራቲን፣ ማለትም ፀጉር ማቅኛው፣ ኬሚካልና እሳት ነው። ሌላው ያቀረበልሽ ያቃጠለሽን ያንኑ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ፀጉርሽ ሦስተኛውን አይችለውም።

መጀመሪያ «ይመለሳል» የሚለውን ቃል እናንሳው። ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም። ደም አይደርሰውም፣ ነርቭ የለውም። ሲቆረጥ የማያመን ለዚህ ነው። ሕያው የሆነው ከቆዳሽ በታች ያለው ሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁስል እንደሚድነው ፀጉር አይድንም። እንደ ጨርቅ አስቢው። በረኪና የበላው ሸሚዝ ስላጠብሽው አያገግምም። ልታለሰልሺው፣ ልትተኩሺው፣ የሳሳበትን ልትደብቂ ትችያለሽ። ክሩ ግን ያው የተበላ ክር ነው። ጠርሙስ ላይ «ያድሳል» የሚል ጽሑፍ ስታዪ ይህን ሸሚዝ አስታውሺ።

ምን እንደደረሰብሽ ላስረዳሽ። አንዷ የፀጉር ክር ከውጭ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ሽፋን የተጠቀለለች ናት። በሽፋኑ ላይ ስስ የተፈጥሮ ቅባት አለ። ውሃ የሚያንሸራትተው፣ ክሮቹ እንዳይጠላለፉ የሚያደርገው እሱ ነው። ውስጥ ደግሞ ኬራቲን የሚባለው ፕሮቲንና ቀለሙ አሉ። ፕሮቲኑን አጥብቀው የሚይዙት በሰልፈር የተሠሩ ድልድዮች ናቸው። የፀጉር ጥንካሬ በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ነው።

ብሊች የሁለት ነገር ድብልቅ ነው። ዱቄቱ ፐርሰልፌት ነው። ፈሳሹ ወይም ክሬሙ፣ ማለትም ዴቨሎፐሩ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ጠርሙሱ ላይ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የፐርኦክሳይዱን ጉልበት ይናገራል። በቅደም ተከተል 3፣ 6፣ 9 እና 12 በመቶ ማለት ነው። ድብልቁ ቅርፊቱን ከፍቶ ይገባና ቀለሙን ይሰባብራል። ችግሩ ቀለምን ከፕሮቲን ለይቶ አያውቅም። ቀለሙን ሲበላ የላዩን ቅባት ይገፋል፤ የሰልፈር ድልድዮቹንም ያቃጥላል። የተቃጠለ ድልድይ ወደ ሌላ ነገር ስለሚለወጥ ተመልሶ አይገጣጠምም።

ብርቱካናማ መሆኑ ደግሞ ስህተት አልነበረም። ጥቁር ፀጉር ሲነጣ በቀይ፣ ከዚያ በብርቱካናማ፣ ከዚያ በቢጫ ያልፋል። አንቺ መሃል ፌርማታ ላይ ነበርሽ። ጥቁርና ወፍራም ቀለም ያለው ፀጉር በአንድ ቀን ወርቃማ አይደርስም። ይደርሳል ያለሽ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ዋሽቶሻል።

ዋናው ጥፋት ግን ከዚያ በፊት የተሠራው ነው። ሪላክሰር የሚሠራው እነዚያኑ የሰልፈር ድልድዮች በመስበር ነው። ፀጉር ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ብሊቹ ሲመጣ ግማሽ ጉልበቱን የጨረሰ ፀጉር ነበር የጠበቀው። በሪላክሰር ላይ ብሊች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ብሊች፤ ፀጉር ሰሪው ይህን አይቶ «እንሞክረው» ማለት አልነበረበትም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጉዳቱን ተሸክመሽ የምትሄጂው ግን አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ቀጥሎ የምትወስኚውን በደንብ አስቢበት።

አሁን ፀጉርሽን ራስሽ መርምሪው። ታጥበሽ ገና እርጥብ እያለ ከተለያየ ቦታ አንዳንድ ክር ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ጤነኛ ፀጉር ከርዝመቱ ሲሶ ገደማ ይለጠጥና ሲለቁት ይመለሳል። ተለጥጦ ተለጥጦ ሳይመለስ የሚቀር፣ ሲነኩት ልፍስፍስ የሚል ከሆነ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ይህን የሚያድን ምርት የለም፤ የቱንም ያህል ቢወደድ። ምንም ሳይለጠጥ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ደግሞ ደርቋል፤ ወይም ፕሮቲን በዝቶበታል። እሱ በእንክብካቤ ይሻሻላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ራስ ላይ ይገኛሉ። ጫፉ ማስቲካ፣ መሃሉ ጭድ፣ ሥሩ ደህና። ፀጉር በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሰው ከሰው ይለያያል። ስለዚህ ሥርሽ ላይ አሁን ብሊች ያልነካው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ አዲስ ፀጉር ይኖርሻል። እሱ ከምንም በላይ የምትጠብቂው ሀብትሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለዪ። የሚረግፈው ቁርጥራጭ ነው ወይስ ከነሥሩ? ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ሙሉ ክር ከሆነ ከሥሩ የወጣ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 እንዲህ መርገፉ የተለመደ ነው። ከዚያ በጣም ከበዛ ምክንያቱ ብሊች ላይሆን ይችላል። የብረት ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ከባድ ሕመም ወይም ወሊድ ይህን ያመጣሉ። የራስ ቆዳሽ ከቆሰለ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ፀጉር የማይበቅልበት ቦታ ካየሽ ደግሞ ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። የኬሚካል ቃጠሎ ጠባሳ ካስቀረ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር ጨርሶ ላይበቅል ይችላል። ይህን ለማየት ቀጠሮ አታራዝሚ።

ወደ ምትቀቢያቸው ነገሮች እንምጣ። እንቁላሉን ለምግብ ተዪው። የእንቁላል ፕሮቲን ትልቅ ስለሆነ ፀጉር ውስጥ አይገባም። ላዩ ላይ ይደርቅና ታጥቦ ይሄዳል፤ ሽታው ብቻ ይቀራል። የፕሮቲን ትሪትመንት ከዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ፕሮቲኑ ተፈጭቶ ትንንሽ ሆኗል። ክፍተት ይሞላል፣ ለጊዜው ያጠነክራል። ግን በየሳምንቱ ከተቀባ ፀጉርን ያደርቃል። ጭድ ሆነብኝ ያልሽው ግማሹ ከዚህ ሊሆን ይችላል። በወር አንዴ ይበቃል።

ከዘይቶች የኮኮናት ዘይትን ለብቻው አነሳዋለሁ። አብዛኛው ዘይት ላይ ላዩን ይሸፍናል። የኮኮናት ዘይት ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ፀጉር በእጥበት የሚያጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ከመታጠብሽ በፊት ጥቂት ሰዓት ቀቢው፣ ከዚያ ታጠቢ። ከታጠብሽ በኋላ ደጋግሞ መቀባት ትርፉ ቅባት ብቻ ነው።

ድልድይ ይገነባሉ ተብለው የሚሸጡትስ? ኦላፕሌክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ከገባ ወዲህ ብዙ አስመሳዮች መጥተዋል። እኔ እጠቀምባቸዋለሁ። በተለይ ብሊች እየተሠራ ሳለ ጉዳቱን ለመቀነስ ይረዳሉ። ከተቃጠለ በኋላም ፀጉሩ ማበጠሪያን በተሻለ እንዲችል ያደርጉታል። ማስቲካ የሆነውን ግን ወደ ፀጉር አይለውጡትም። ገንዘብሽ ካልተረፈ አይቆጭሽ።

ብዙ ሰው የሚንቀውን ነገር ልንገርሽ፤ ተራ ኮንዲሽነር። የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ይበዛበታል። የኮንዲሽነር ዋና ንጥረ ነገሮች ደግሞ አዎንታዊ ናቸው። ስለዚህ ሄደው የሚጣበቁት በጣም በተጎዳው ቦታ ላይ ነው። የሚሠራበት መንገድ በራሱ ብልህ ነው። ሲሊኮን ያለበትም አያስፈራሽ። የጠፋውን የላይ ቅባት ተክቶ ክሮቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ያደርጋል። «ሲሊኮን ፀጉርን ያፍናል» ይባላል። ሕይወት የሌለው ነገር አይታፈንም።

ባዮቲኑን አቁሚ፤ እጥረት እንዳለብሽ ሐኪም ካልነገረሽ በስተቀር። ቀድሞ የወጣውን ፀጉር ምንም አያደርገውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በብዛት ሲወሰድ የላብራቶሪ ውጤትን ያዛባል። የታይሮይድ ምርመራንና ልብ ሲጎዳ የሚታዘዘውን የትሮፖኒን ምርመራ ሳይቀር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ለምርመራ ደም ልትሰጪ ከሆነ እየወሰድሽ እንደነበር ተናገሪ።

አሁን ኬራቲን ወደሚባለው። ስሙ ያታልላል። ፀጉሩን የሚያቀናው ኬራቲኑ አይደለም። ብዙዎቹ ፎርማልዴሃይድ ያለባቸው ወይም ሲሞቁ የሚለቁት ናቸው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ እሱ ነው። «ፎርማልዴሃይድ የለውም» የሚባሉት ብዙ ጊዜ ግላዮክሲሊክ አሲድ አላቸው። እሱን ከተቀቡ በኋላ ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። በዚያ ላይ ፀጉሩ ከ200 ዲግሪ በላይ በሞቀ መተኮሻ ደጋግሞ ይተኮሳል። ጤነኛ ፀጉር እንኳ በዚህ ሙቀት ይጎዳል። ያንቺማ! ለጥቂት ሳምንት ሐር ይመስላል። ሽፋኑ ሲታጠብ ከሥሩ ያለው ከበፊቱ የባሰ ሆኖ ይወጣል።

ቀለሙ ዥንጉርጉር መሆኑ ካሳፈረሽ ሌላ መንገድ አለ። ማንጣት ሳይሆን ማጥቆር። ፐርኦክሳይድ የሌለበት፣ እየታጠበ የሚለቅ ቀለም ፀጉሩን አይበላውም። ግን ወርቃማ ላይ ቀጥታ ጥቁር ቡናማ ከተቀባ አረንጓዴ ወይም አመድ ሊመስል ይችላል፤ በጥቂት እጥበትም ይለቃል። ብሊች የወሰደው ቀዩንና ብርቱካናማውን መሠረት ነው። መጀመሪያ እሱ መሞላት አለበት፤ ቡናማው ከዚያ ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል ሳትጠይቂው የሚነግርሽ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። ከሱቅ የሚገዛ ጥቁር ቀለም ራስሽ እንዳትቀቢ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሻምፖም ቢጫነትን ያደበዝዛል እንጂ አይጠግንም፤ ሲበዛ ያደርቃል።

መቆረጥን እንነጋገር። አልፈልግም ብለሻል፤ ይገባኛል። ግን ምርጫሽ በመቀስ መቆረጥና በማበጠሪያ መቆረጥ መሃል ነው። የተሰነጠቀ ጫፍ እዚያው አይቆምም፤ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ 5 ሴንቲ ሜትር የምትሰስቺለት ከሦስት ወር በኋላ 10 ይወስድብሻል፤ ያውም አንዱ ጎን አጥሮ፣ ሌላው ረዝሞ። የእኔ ምክር ይኸው፤ በመለጠጡ ሙከራ ማስቲካ ሆኖ የተገኘው ሁሉ በዚህ ሳምንት ይቆረጥ። የቀረውን በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር እያስቆረጥሽ በአዲሱ ተኪው። በአንድ ጊዜ አጭር መሆን የለብሽም። ሙሉ በሙሉ ለመተካት ግን ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ይህን የሚያሳጥር ነገር የለም።

እስከዚያ ድረስ ቢያንስ ለስድስት ወር ብሊች የለም፣ ኬራቲን የለም፣ ሪላክሰርም የለም። የመጨረሻው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። አዲሱ ከርደድ ብሎ ይወጣል፤ አሮጌው ቀጥ ያለና የላላ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ከሁሉም ደካማው ቦታ ነው። ሪላክሰሩ ከሥሩ አልፎ ብሊች የነካው ላይ ከፈሰሰ እዚያው መስመር ላይ ይበጠሳል። ጠበቅ ያለ ሹሩባና ሂውማን ሄርም ይህንኑ መስመር ይስባሉ። ላላ አድርገሽ ያዢው።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ አጭር ነው። በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። ሻምፖው ለራስ ቆዳ፣ ኮንዲሽነሩ ለርዝመቱ። ኮንዲሽነሩ ገና ሳይታጠብ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ ፍቺው። በፎጣ አትሺው፤ ጨምቀሽ ልቀቂው። መተኮሻ ወይም ፔስትራ ብትተዪው ይሻላል። የግድ ከሆነብሽ ከ150 ዲግሪ በታች፣ መከላከያ ተቀብቶ፣ ፍጹም በደረቀ ፀጉር ላይ ብቻ። እርጥብ ፀጉር ሲተኮስ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ክሩን ያፈነዳዋል። ጭስ የሚመስለው አንዳንዴ ይኸው ነው። ዋና ከወደድሽ ገንዳ ከመግባትሽ በፊት በንጹሕ ውሃ አርጥቢው፤ የጠገበ ፀጉር የገንዳውን ውሃ ብዙ አይጠጣም።

ጥሩ ፀጉር ሰሪ ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን እንዳነጣላት መጣች። ድብልቁን ቀባሁት። በደቂቃዎች ውስጥ ክሩ እጄ ላይ መጋል ጀመረ። ሮጬ አጠብኩት፤ ከፊሉ ተበጥሶ ቀረ። ለካ ከወራት በፊት የብረት ጨው የተቀላቀለበት ሂና ተቀብታ ነበር። ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ አንዳንዴም ይጨሳል። «ለምን አልነገረችኝም?» ብዬ ስናደድ ከረምኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አልጠየቅኳትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያ ጥያቄ ነው። ፀጉርሽ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጫፉ የበቀለው ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በፊት ነው። ያኔ የተቀባሽው ሁሉ ዛሬም አለ። ስለ ሁለትና ሦስት ዓመት ታሪክ ሳይጠይቅ ብሩሽ ከሚያነሳ ሰው ተነሽና ውጪ። አንቺም አትደብቂ። ቤት የቀባሽው ቀለም፣ ሂናው፣ ሪላክሰሩ መቼ እንደነበር ጽፈሽ ሂጂ። ያቃጠለሽ ሰው ጋ ደውለሽም ስንት ቁጥር ዴቨሎፐር፣ ለስንት ደቂቃ እንደተጠቀመ ጠይቂ። ለጠብ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ባለሙያ ስለሚጠቅም ነው። እንዲያስተካክለው ግን አትመለሺ።

ሁለተኛው መለኪያ «አይሆንም» ማለቱ ነው። ለሙከራ «ሪላክሰር ያለበት ፀጉር ላይ ብሊች ትሠራለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ወዲያው «ችግር የለም» ካለሽ መልስሽን አግኝተሻል። ጥሩው ፀጉርሽን ይነካል፣ እርጥቡን ይለጥጣል፣ ከኋላ ከማይታይ ቦታ አንድ ቀጭን ክር ላይ ይሞክራል፤ ከዚያ ነው የሚናገረው። አንዳንዱ ደንበኛ እንዳይሄድበት ፈርቶ እሺ ይላል። ሙያው አያንሰው ይሆናል፤ ድፍረቱ ግን ያንሰዋል።

ፎቶ ብዙ አይግዛሽ። ከወንበሩ በተነሱበት ደቂቃ፣ በመብራት፣ ተተኩሶ የተነሳ ፀጉር ሁሉ ያምራል። ይልቅ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ በይና ለዓመታት የሚመላለሱትን ደንበኞች ፀጉር እዪ። ጫፋቸው እንዴት ነው? እጁንም እዪ። እርጥብ ፀጉር ከላይ ወደ ታች የሚጎትት፣ መተኮሻውን ሳይጠይቅ መጨረሻው ቁጥር ላይ የሚያደርግ ሰው ላንቺ አይሆንም። የተጠቀመውን ቁጥርና ደቂቃ በስምሽ መዝግቦ ከያዘ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። ቆንጆ የሚቆርጥ ሁሉ ቀለም እንደማያውቅም አስቢ፤ ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

አዲስ ሰው ጋ መጀመሪያ ለቀለም እንዳትሄጂ። ለጫፍ መቁረጥ ብቻ ሂጂ። «2 ሴንቲ ሜትር» ብለሽ በጣትሽ አሳይው። ሁለት ከቆረጠ፣ ከዚህ በላይ የሞተ ካለም መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ካስረዳሽ፣ በስምንተኛው ሳምንት ተመለሺ። አምስት ቆርጦ «ቆንጆ ሆነሻል» ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

ወርቃማው አሁንም ካማረሽ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሪላክሰር ባልነካው አዲስ ፀጉር ላይ፣ ጥቂት ክሮችን ብቻ ማንጣት ይቻላል። ቀጠሮውን በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት ከፍሎ የሚሰጥሽ ሰው ጋ።